ሁለት ሳምንት ላለፈው ሳል ሽሮፕ አትግዙ

 

በዚህ ወር የማነሣው ነገር ከመድኃኒት ሻጭ የሚጠበቅ አይደለም። «ከእኔ አትግዙ» ልላችሁ ነው። ምክንያቱን ላስረዳችሁ።

በሰፈራችን መስጂድ ከፈጅር ሶላት የማይቀሩ አንድ አባት ነበሩ። አንድ ቀን ወደ መድኃኒት ቤቱ መጡና «ልጄ፣ ብርድ መቶኛል መሰለኝ፤ የሳል ሽሮፕ ስጪኝ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሰው መጡ፤ አሁንም ሰጠኋቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ልብሳቸው ሰፍቷቸው፣ ጉንጫቸው ጎድጉዶ አየሁ። «ሳሉ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነው?» ብዬ የጠየቅኋቸው ያን ዕለት ነው። «ከረመዷን በፊት ነው» አሉኝ። ዒደል አድሐ ካለፈ ግን ሳምንት ሆኖት ነበር።

ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው፤ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ተገኘባቸው። ታክመው አልሐምዱሊላህ ድነዋል። ነገር ግን አብራቸው የምትተኛ ትንሽ የልጅ ልጃቸውም ታማ ተገኘች። እርሷም ታክማለች። ያን አንድ ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ የሚለው ቁጭት ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ብርድ ያላመጣው በሽታ

ቲቢ የሚመጣው ከብርድ፣ ከምች ወይም ከምቀኛ ዓይን አይደለም። መንስኤው ባክቴሪያ ነው። ይህንንም ሮበርት ኮክ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ለዓለም አሳውቋል። ዕለቱ እስከ ዛሬ የዓለም የቲቢ ቀን ሆኖ ይታሰባል። ይሁን እንጂ በሽታው ከአገራችን አልወጣም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 ላለው ጊዜ ባወጣው ዝርዝር ኢትዮጵያ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ነበረች።

ባክቴሪያው የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስልና ሲያስነጥስ ወደ አየር ይወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥም ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ሕክምና ያልጀመረ አንድ ሕመምተኛ በዓመት ውስጥ ከ5 እስከ 15 ለሚደርሱ የቅርብ ሰዎች ሊያስተላልፍ ይችላል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦

1. ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል (ደም የተቀላቀለበት አክታ ካለ አንድ ቀንም አይጠበቅም)
2. የምሽት ትኩሳትና ሌሊት ልብስ የሚያርስ ላብ
3. የምግብ ፍላጎት ማጣትና ክብደት መቀነስ
4. የደረት ውጋትና ድካም

ሽሮፕ ሳሉን ለጊዜው ያለዝበዋል እንጂ ባክቴሪያውን አይነካውም። አሞክሳሲሊንም ቲቢን አያድንም። ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሰሉ መድኃኒቶች ደግሞ ይብሳሉ፤ በሽታውን ለጥቂት ቀናት ጋብ አድርገው ምርመራው እንዲዘገይ ያደርጋሉ። «ባለፈው የረዳኝን ስጪኝ» ስትሉኝ እምቢ ብላችሁ አትቀየሙኝ።

የት ልሂድ?

ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በገጠር ያላችሁ በጤና ኬላ የምትገኘውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አነጋግሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካችኋለች። በዚያም የአክታ ምርመራ ይደረግላችኋል። ጂን ኤክስፐርት በተባለው መሣሪያ ከሆነ ምርመራው ራሱ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት የሚሰጠው በነፃ ነው። «ገንዘብ ሳገኝ እታከማለሁ» ብሎ መቆየት አያስፈልግም።

ትሪውን ሳይሆን መስኮቱን

በቤታችን ቲቢ ያለበት ሰው ሲገኝ መጀመሪያ የምንለየው ሰሃኑንና ብርጭቆውን ነው። በአንድ ትሪ አብሮ መብላት ለለመደ ሰው ይህ ከሕመሙ የባሰ ስብራት ነው። ደግሞም ጥቅም የለውም፤ ቲቢ በዕቃ፣ በልብስ ወይም በመጨባበጥ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በአየር ነውና ትሪውን ተዉት፤ መስኮቱን ክፈቱ። ሕመምተኛው ሲያስል አፉን በመሐረብ ወይም በክንዱ ይሸፍን። ከተቻለ ለብቻው ይተኛ። ሕክምናውን በትክክል የጀመረ ሰው የማስተላለፍ ኃይሉ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ እጅግ ይቀንሳል። ባለሙያው እስኪፈቅድለት ድረስ ግን ቤቱ ይስገድ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሰፉ ሲመለስ ቦታ እንስጠው እንጂ አንሽሸው።

ሕፃናት ታጭቀው የሚቀሩበት የቁርኣን ቤት፣ መስኮቱና በሩ ተዘግቶ ጫት የሚቃምበት ክፍልም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ካሳለ ሁሉም ይተነፍሰዋል።

ስድስቱ ወር

ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሩት አራት ወራት ደግሞ ሁለት ዓይነት ይሰጣል። ችግሩ የሚመጣው ከወር በኋላ ነው። ሳሉ ይቆማል፣ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል፣ ሰውየው «አልሐምዱሊላህ ድኛለሁ» ብሎ ክኒኑን ይተዋል። ያልሞቱት ባክቴሪያዎች ግን አሉ፤ መድኃኒቱን ተላምደውም ሊነሡ ይችላሉ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምናው ከባድ ነው፤ በዚያው መልኩ ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል።

ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ይህ ደም አይደለም፣ አትደንግጡ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ትውከት ከበረታ ወይም ዕይታ ከደበዘዘ ግን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ተመለሱ። ይኸው መድኃኒት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንን ያዳክማል፤ እህቶች፣ ይህን ለባለሙያዋ ንገሯት። የስኳር ሕመም ያለባችሁም እንዲሁ አሳውቁ።

ረመዷን ሲደርስ

ብዙዎች ክኒኑን የሚያቋርጡት በዚህ ወር ነው። ዲናችን ለታመመ ሰው ጾሙን አፍጥሮ በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል። መጾም ትችሉ እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ከተፈቀደላችሁ የክኒኑን ሰዓት ከእርሱ ጋር አስተካክሉ፤ ክኒኑ የሚወሰደው በባዶ ሆድ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ቢሆን ይመረጣል። ካልተፈቀደላችሁ የተሰጣችሁን ፈቃድ ተጠቀሙበት። በየትኛውም መንገድ ግን ክኒኑ አይቋረጥ።

ለልጆቻችን

ሕፃን እንደተወለደ የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት ከከባድ የቲቢ ዓይነቶች፣ በተለይም ወደ አንጎል ሽፋን ከሚደርሰው ይጠብቀዋል። በቤት ውስጥ ሕመምተኛ ከተገኘ ልጆቹን በሙሉ አስመርምሩ። ላልታመሙት እንዳይታመሙ የሚከላከል መድኃኒት አለ።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ማታ ቤተሰባችሁ ሲሰበሰብ ጆሮ ስጡ። የሚያስል ካለ «ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ሁለት ሳምንት ካለፈ ነገ ጠዋት ይዛችሁት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እኔ ያን ጥያቄ ዘግይቼ ጠይቄአለሁ፤ እናንተ አትዘግዩ።

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሺፋውን፣ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ።