ያልወለዱት አባት፦ ደራሲውን ቶልኪንን ያሳደጉት ቄስ

የልጅ ልጆቻችሁ «ሆቢት» ወይም «የቀለበቶቹ ጌታ» የሚባለውን መጽሐፍ ሲያነቡ፣ ወይም ፊልሙን ሲያዩ ሳታጋጥሟቸው አትቀሩም። ሆቢትን ወደ ዕብራይስጥ ከመለሱት መካከል በ1970ዎቹ መጀመሪያ በግብፅ እስር ቤት የነበሩ የእስራኤል አብራሪዎች ይገኙበታል፤ ሥራቸው በ1977 ታትሟል። የመጽሐፉ ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ዛሬ የምናጫውታችሁ ግን ስለ መጽሐፉ ሳይሆን፣ ደራሲውን በሙት ልጅነቱ ስላሳደጉት ሰው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቶልኪን በ1892 በደቡብ አፍሪካ፣ በብሎምፎንቴን ከተማ ተወለደ። የ3 ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ ሜብል እሱንና ታናሽ ወንድሙን ይዛ ወደ እንግሊዝ አገር መጣች። አባትየው ለሥራ እዚያው ቀርቶ ነበርና ሳይከተላቸው በ1896 ታሞ ሞተ። እናት በትንሽ ገንዘብ ሁለት ልጆች ማሳደግ ጀመረች። ላቲን ያስተማረችውም፣ የቋንቋ ፍቅር ያሳደረችበትም እሷው ነች።

በ1900 ሜብል የካቶሊክ እምነት ተቀበለች። ቤተ ዘመዱ ተቆጣ፤ ይደጉሟት የነበሩትም እጃቸውን ሰበሰቡ። በዚያ የችግር ጊዜ በበርሚንግሃም ከተማ፣ «ኦራቶሪ» በሚባለው የካህናት ማኅበር ውስጥ የሚያገለግሉ አባ ፍራንሲስ ሞርጋን የሚባሉ ቄስ የቤተሰቡ ወዳጅ ሆኑ። እኚህ ሰው በአንድ ወገን የስፓኝ ዘር ያላቸው፣ ቤተሰባቸው በደቡብ ስፓኝ በወይን ጠጅ ንግድ የታወቀ፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ፣ ሳቂታና ተጫዋች ነበሩ።

ሜብል የስኳር በሽታ ያዛት። ዛሬ ብዙዎቻችሁ በመድኃኒት የምትቆጣጠሩት በሽታ ያን ጊዜ የሞት ፍርድ ነበር፤ ኢንሱሊን የተገኘው በ1921 ነውና። ኅዳር 1904 በ34 ዓመቷ አረፈች። ቶልኪን ገና 12 ዓመቱ ነበር። እናት ከመሞቷ በፊት ልጆቹን ለዘመድ ሳይሆን ለአባ ፍራንሲስ አደራ ብላ ነበር፤ ዘመዶቹ ልጆቹን ከእምነታቸው እንዳያስወጡባት ፈርታለች።

እንግዲህ አደራውን እንዴት እንደተወጡ ተመልከቱ። እናትየው የተወችው 800 ፓውንድ ያህል ብቻ ነበር። ቄሱ ከግል ገቢያቸው፣ ማንም ሳያውቅ፣ የጎደለውን ሞሉ። ልጆቹ መጀመሪያ አክስታቸው ቤት ተቀመጡ፤ አክስትየዋ ግን የእናታቸውን ደብዳቤዎች ምንም ሳይመስላት አቃጠለቻቸው። አባ ፍራንሲስ ልጆቹ እንዳልተደሰቱ ሲያዩ በ1908 ሌላ ማረፊያ ፈለጉላቸው። በየማለዳው ልጆቹ ቅዳሴ ላይ ያግዟቸዋል፣ ከካህናቱ ጋር ቁርስ በልተው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በበጋም ወደ ባሕር ዳር ይወስዷቸዋል። ቶልኪን የቄሱን የስፓኝኛ መጻሕፍት እያገላበጠ ከዚያ ቋንቋ የተቀዳ የራሱን ቋንቋ እስከመፍጠር ደርሷል። ኋላ በመጻሕፍቱ ውስጥ ለምናገኛቸው የፈጠራ ቋንቋዎች ልምምዱ ከዚያ ዘመን ይጀምራል።

ችግሩ የመጣው በአዲሱ ማረፊያ ነው። እዚያው ቤት ኢዲት ብራት የምትባል፣ እሷም ወላጅ አልባ የሆነች የ19 ዓመት ልጅ ትኖር ነበር። እሱ 16 ዓመቱ ነው። ሁለቱ ተዋደዱ። ፍቅርና ሳል አይደበቅም እንዲሉ፣ በ1909 በብስክሌት ወጥተው ሻይ የጠጡበት ቤት ሴትዮ ለሌላ ሰው አወራች፤ ወሬው በካህናቱ ወጥ ቤት ዞሮ አባ ፍራንሲስ ጆሮ ደረሰ። ልጁ ለኦክስፎርድ የነጻ ትምህርት ዕድል ፈተና መዘጋጀት ሲገባው ይህን ይሠራል! ፈተናውንም በመጀመሪያው ሙከራ ሳያገኝ ቀረ። ልጅቷ ደግሞ በዕድሜ ትበልጠዋለች፣ እምነቷም ሌላ ነው።

ቄሱ ከለከሉ። እንደገና ተደብቀው መገናኘታቸው ሲታወቅማ ቃላቸው ጠነከረ፦ 21 ዓመት እስኪሞላህ ድረስ አታገኛትም፣ አትጽፍላትም፤ እምቢ ካልክ የትምህርትህ ነገር ያበቃል አሉት።

እናንተ ወላጆች ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ብዙ ልጅ በዚህ ጊዜ ይጠፋል፣ ወይም ይዋሻል። ቶልኪን ታዘዘ። ለምን? ከብዙ ዓመት በኋላ በ1941 ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ ምክንያቱን ነግሮታል፦ ያ ሰው ምንም ግዴታ ሳይኖርባቸው ከብዙ የወለዱ አባቶች ይልቅ አባት ሆነውልኛልና እሳቸውን ማሳዘንም ማታለልም አልፈለግሁም ነው ነገሩ። በውሳኔው አልተጸጸተም፤ ለኢዲት ግን በጣም ከባድ እንደነበር አልሸሸገም።

በእርግጥም ከባድ ነበር። በ1910 መጨረሻ የኦክስፎርዱን ፈተና አልፎ በዓመት 60 ፓውንድ የሚያስገኝ ዕድል አገኘ። ፍቅሩን ግን ሊያጣ ምንም አልቀረውም። ጥር 3 ቀን 1913፣ 21 ዓመት በሞላበት እኩለ ሌሊት፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ ለኢዲት ጻፈ። መልሱ ሲመጣ ለሌላ ሰው ታጭታለች! የረሳት መስሏት ነበር። በባቡር ሄዶ አነጋገራት፤ በዚያው ቀን የሌላውን ቀለበት ለመመለስ ወሰነች።

መጋቢት 1916 ተጋቡ። ቶልኪን ለአባ ፍራንሲስ ለመናገር ፈርቶ እስከ መጨረሻ ቆየ። በመጨረሻ ሲጽፍላቸው ግን መልሳቸው ምርቃት ሆነ፤ እኔ ራሴ ላጋባችሁ አሉ። ምን ያደርጋል፣ ዝግጅቱ በሌላ ከተማ አልቆ ነበር። በ1917 የተወለደውን የበኩር ልጅ ጆን ፍራንሲስ ብለው በስማቸው ጠሩት፤ ቄሱም ከበርሚንግሃም ድረስ መጥተው አጠመቁት። ያ ልጅ ኋላ ራሱ ቄስ ሆነ። አባ ፍራንሲስ በ1935 አረፉ፤ ሆቢት በ1937 ሲታተም ለማየት አልታደሉም።

የቄሱን ክልከላ አንዳንዱ ትክክል ነው ይላል፣ አንዳንዱ ጭካኔ ነው ይላል። ሁለት ነገር ግን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ክልከላው የጊዜ ገደብ ነበረው፤ ቀኑ ሲደርስ ምርጫውን ለልጁ ተዉለት። ሁለተኛ፣ ከመከልከላቸው በፊት ለዓመታት ሰጥተዋል፤ ቃላቸው የተሰማው ለዚያ ነው። ሳይሰጡ መከልከል ግን ልጅን ያርቃል።

በእኛም መካከል በሱዳን መንገድ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችን ከራሳቸው ልጅ ሳይለዩ ያሳደጉ አክስቶች፣ አጎቶችና አያቶች አሉ። ብዙዎቹ ስላደረጉት ነገር አያወሩም። እናንተ ግን ጠይቋቸው፤ ያሳደጓቸውም ልጆች በሕይወት ሳሉ ያመስግኗቸው።