«ቺንጋው ተቀይሯል» ሲሏችሁ፣ የትኛው ብላችሁ ጠይቁ

ፒያሳ ላይ አምስት ደቂቃ ቆማችሁ የሚያልፈውን መኪና ተመልከቱ። ጊዮርጊስን ዞሮ ወደ መርካቶ የሚወርደው ሚኒባስ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ዳገቱን እያቃሰተ የሚወጣው ኮሮላ፤ ዕድሜያቸው ከሹፌሩ የሚበልጥ አይጠፋም። ይሄ ነገር ደግሞ ቶሎ የሚቀየር አይመስልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም ውድ አደረገው። ጥር 2016 ላይ ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ ያለችው መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየዞረች ገና ብዙ ትሄዳለች።

እንዲህ ብዙ የሄደች መኪና ሲኖረን ዘይቱን፣ ጎማውን፣ ፍሬኑን እናስባለን። የሚረሳው ታይሚንግ ቤልት ነው። ጋራዥ ውስጥ ቺንጋ ሲሉት ትሰማላችሁ። ቃሉ እንደ ቴስታታ፣ ኩሽኔታና ፍሪሲዮን ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ፒያሳ ራሷም እንደዚያው። ችግሩ ግን መኪና ያላት ቺንጋ አንድ አይደለም። ኮፈኑን ስትከፍቱ የሚታየው የውጭው ነው፣ ዲናሞ ምናምን ያዞራል። ሲላላ ይጮሃል፣ ቢበጠስም ብዙ ጊዜ መኪናዋ ትቆማለች እንጂ ሞተሩ አይሞትም። ታይሚንግ ቤልቱ ግን ከሽፋን ሥር ተደብቆ ነው የሚኖረው። ሻጭ ወይም ደላላ «ቺንጋው ተቀይሯል» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ውጭው ነው። ዋሽቶም ላይሆን ይችላል፣ እሱም የሚያውቀው ያንን ብቻ ነው።

ሥራው ምንድን ነው? ፒስቶኖች ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለሱ ክራንክ ሻፍቱን ያዞራሉ። ከላይ ቴስታታው ላይ ያለው ካም ሻፍት ደግሞ አየር የሚያስገቡትንና ጭስ የሚያስወጡትን ቫልቮች ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ በሰዓቱ የሚያስኬዳቸው ይህ ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካሙ አንድ ጊዜ ይዞራል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ሲሆን እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል ማለት ነው። ቤልቱ በዚህ መሀል ቢበጠስ ካሙ ባለበት ይቆማል፣ ፒስቶኑ ግን በነበረው ፍጥነት መምጣቱን አይተውም። ተከፍቶ የቀረውን ቫልቭ ከሥር ይመታዋል።

እዚህ ላይ ሞተር ከሞተር ይለያል። ለምሳሌ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላ ላይ የምታገኙት 4ኤ-ኤፍኢ የቤንዚን ሞተር ቤልቱ ቢበጠስም ፒስቶንና ቫልቭ አይገናኙም። ተጎትታችሁ ጋራዥ ትገባላችሁ፣ አዲስ ቤልት ይገባል፣ በቃ። ናፍጣ ላይ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለም። የናፍጣ ሞተር አየሩን በጣም ስለሚጨምቅ በፒስቶኑና በቴስታታው መካከል የሚቀረው ቦታ ትንሽ ነው፤ ቤልቱ ከተበጠሰ ቫልቭ ይጣመማል፣ አንዳንዴ ፒስቶንና ቴስታታም ይከተላሉ።

በተለምዶ ዶልፊንና አባዱላ የምንላቸው የሃይስ ሚኒባሶች አብዛኞቹ ናፍጣ ናቸው። 2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤልም ሆነ 2ኬዲ፣ ሁሉም ባለ ቤልት ናቸው። ገጠር የሚመላለሰው ላንድክሩዘር ላይ የምናገኘው 1ኤችዜድም እንዲሁ። ቪትዝ ወይም ዲዛየር የያዛችሁ ግን ተንፍሱ፣ የእናንተ ሰንሰለት ነው። ላዳ 2101 እና 2107ም በሰንሰለት ነው የሚሠሩት (የሚገርመው መሀል ላይ የመጣው 2105 ባለ ቤልት ነበር)። ሰንሰለት ዘይቱ በጊዜው እስከተቀየረለት ድረስ ዕድሜው ረጅም ነው። የእናንተ መኪና የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የመኪናዋን ስም ሳይሆን የሞተሩን ዓይነት ፈልጉ። በሞዴል ስም ብቻ መገመት ያሳስታል።

ወደ ፒያሳ እንመለስ። ከማዘጋጃ ቤት ቸርችልን ይዛችሁ ወደ ለገሃር ስትወርዱ ሞተር ቢጠፋ ምን ይሆናል? ጉዳዩ የብር ብቻ አለመሆኑ እዚህ ላይ ነው የሚገባን። ፍሬኑን የሚያግዘው ቫኪዩም የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ነው። ከጠፋ በኋላ የቀረችው አንድ ሁለት ርግጫ ብቻ ትረዳለች፣ ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። መሪውም ይከብዳል። እንዲህ ከገጠማችሁ ፍሬኑን እየለቀቃችሁ አትርገጡ፤ አንዴ በኃይል ረግጣችሁ ያዙት፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ሳቡ። መሪው እንዳይቆለፍ መኪናዋ እስክትቆም ቁልፉን አትንቀሉ። ከቆመች በኋላ ደግሞ የሰፈር ጎረምሳ ሰብስቦ በማርሽ ገፍቶ ማስነሳት የሚባል ነገር አይሞከርም። በቁልፍ ደጋግሞ መሞከርም ያው ነው። ያልተጎዳ ቫልቭ ካለ ያኔ ይጣመማል።

ታዲያ መቼ ይቀየር? አስቸጋሪው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ታይሚንግ ቤልት ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አይሰጥም። አይጮህም፣ አያጨስም፣ ጉልበት አይቀንስም። «ድምፅ የለውም፣ ንዱት» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ በጆሮ የማይሰማ ነገር ላይ ነው የፈረደው። የዓመት ምርመራ አልፋ ቦሎ መለጠፏም ስለዚህ ቤልት የሚነግረን ነገር የለም፣ ለምርመራ ተብሎ የሞተር ሽፋን አይፈታም።

የቶዮታ ናፍጣ መኪኖች ዳሽ ቦርድ ላይ «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት አለ። ብዙ ሹፌር የሚተማመነው በእሱ ነው። እኛ ግን ባትተማመኑበት እንላለን። መብራቱ ቤልቱን አያይም፣ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ በብዙዎቹ ላይ በየ100,000 ኪ.ሜ. ይበራል። ቤልቱ ሳይነካ በእጅ ተመልሶ ሊጠፋ ይችላል። አምፖሉ ተነቅሎም ሊሆን ይችላል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ራሱ ወደ ኋላ የተመለሰ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ሒሳቡ ከመነሻው ውሸት ነው።

ስለዚህ አቋማችን ይሄ ነው፦ ቤልቱ መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ወይም በፎቶ የሚያስረዳ ከሌለ፣ አልተቀየረም ብላችሁ ያዙት። አስቀይሩና ቆጠራውን ከዜሮ ጀምሩ። መኪና ስትገዙም ይህንን ወጪ ከዋጋው ላይ ተከራከሩበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ሒሳብ ነው። አምራቾች እንደ ሞተሩ ከ60,000 እስከ 150,000 ኪ.ሜ. ድረስ ይወስናሉ፤ የራሳችሁን ከመኪናው መመሪያ አረጋግጡ። 100,000 ነው እንበል። በቀን 150 ኪ.ሜ. በወር 26 ቀን የሚሠራ ታክሲ በወር 3,900 ይሄዳል፤ 26 ወር ሳይሞላ ያበቃል። በቀን 25 ኪ.ሜ. ብቻ የምትሄድ የቤት መኪና በዚህ ስሌት ከአሥር ዓመት በላይ ልትቆይ ነው፣ ግን ጎማ ቆሞም ያረጃል። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች ከኪሎ ሜትሩ ጋር የዓመት ገደብም የሚያስቀምጡት። ቀድሞ የሞላው ይገዛል።

የአዲስ አበባ መንገድ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በመንገድ መዘጋጋት ወይም ነዳጅ ሰልፍ ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ አንድ ሰዓት ቢቆም፣ በደቂቃ 800 ዙር እንኳ ብንይዝ ክራንኩ 48,000 ጊዜ ዞሯል። ቆጣሪው ላይ ግን አንድ ኪሎ ሜትር አልተጨመረም። ስለዚህ ለከተማ ታክሲ መመሪያው ያለውን እስከ መጨረሻው ባትጠብቁ ይሻላል።

ብሩስ? እቁብ የምትጥሉ ከሆነ የሚወጣበትን ወር ከዚህ ቀን ጋር ማገናኘት ነው። ወጪው ሲታሰብ ከቤልቱ ዋጋ ይልቅ ብዙውን ጊዜ የሚከብደው ሞተሩን ፈትቶ የመግጠሙ የእጅ ዋጋ ነው። በዚህ ምክንያት «ቤልቱን ብቻ ቀይርልኝ» ማለት ቁጠባ አይደለም። ቤልቱን የሚወጥረው ቴንሽነርና ኩሽኔታዎቹ አብረው ይቀየሩ፤ ኩሽኔታ ከተያዘ አዲሱንም ቤልት ይዞት ይሄዳል። የካሙና የክራንኩ ፓራኦሊዮ ዘይት የሚያፈስ ከሆነ አሁኑኑ ይቀየር፣ ዘይት የነካው ቤልት ዕድሜው ያጥራል። ዋተር ፓምፑን ታይሚንግ ቤልቱ ራሱ የሚያዞርበት ሞተር ከሆነ (ብዙ ፎልስዋገኖች እንዲህ ናቸው) እሱንም ጨምሩ።

ዕቃ ስትገዙ የሞተሩን ዓይነትና የድሮውን ቤልት ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ፣ የጥርሱን ብዛት አመሳስሉ። ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ብቻ አያስተማምንም። ታጥፎ የተቀመጠ ቤልት አትቀበሉ፣ ያገለገለ ቤልት ደግሞ በነፃም ቢሆን አትውሰዱ።

ሲገጠም ስልካችሁን አውጡና ቪዲዮ ቅረጹ። መካኒኩ የክራንኩንና የካሙን ምልክቶች ካገጣጠመ በኋላ ቁልፍ ከመጠምዘዙ በፊት ሞተሩን በእጅ፣ በመፍቻ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ ምልክቶቹ ተመልሰው መግጠማቸውን ማየት አለበት። አንድ ጥርስ ዝንፍ ካለ ሞተሩ በደንብ አይሠራም፣ ባስ ሲል የፈራነው የቫልቭ ግጭት እዚያው ጋራዥ ውስጥ ይደርሳል። ጥሩ መካኒክ ይህን አድርግልኝ ብትሉት አይቆጣም። አሮጌውን ቤልት ተቀበሉ፣ ከቆጣሪው ጋር ፎቶ አንሱት፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ሽፋኑ ላይ በማርከር አስጽፉ።

አንድ ነገር ለሚኒባስ ባለቤቶች። ሞተሩ አልቆ ከሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ ያገለገለ ሞተር ከገዛችሁ፣ በውስጡ ያለው ቤልት ስንት እንደሄደና ስንት ዓመት ተጥሎ እንደከረመ የሚነግራችሁ የለም። መኪናው ላይ ከመጫኑ በፊት፣ መሬት ላይ እያለ፣ ሁሉም ነገር በእጅ በሚደረስበት ሰዓት አስቀይሩት።