ስለ ጋዝ ሲሊንደር አቀማመጥና አያያዝ

በካምፓላ ከተማ አብዛኛው ሕዝብ ምግቡን የሚያበስለው በከሰል መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ቡታጋዝ ወደ መኖሪያ ቤቱና ወደ ምግብ ቤቱ ገብቷል። በካትዌ ሠፈር ብረት የሚበይዱ ሠራተኞች ኦክሲጅንና አሴቲሊን ይጠቀማሉ፤ እንደ ሙላጎ ባሉት ሆስፒታሎችም ኦክሲጅን የበሽተኛ ሕይወት ማቆያ ነው። ስለዚህ የሲሊንደርን ጠባይ ማወቅ በካባላጋላና በካንሳንጋ ምግብ ቤት ለከፈቱት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ሆነ ለከተማው ሹማምንት እኩል የሚጠቅም ጕዳይ ነው።

ሲሊንደሩ ራሱ ጠንካራ ዕቃ ነው። ብዙውን ጊዜ አደጋውን የሚያመጣው የተቀመጠበት ስፍራና የያዘው ሰው አለመጠንቀቅ ነው። ቡታጋዝ የሚባለው ፕሮፔንና ቡቴን የተባሉት ጋዞች ቅልቅል ሲሆን፥ በሲሊንደሩ ውስጥ በግፊት ፈሳሽ ሆኖ ይኖራል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ሲወጣ ወደ 250 ሊትር የሚጠጋ ጋዝ ይሆናል። ይህም ጋዝ ከአየር ይልቅ ከባድ ስለ ሆነ ወደ ላይ አይበንም፤ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ይወርዳል፥ በወለልና በጕድጓድ ውስጥም ይተኛል። በአየር ውስጥ ከመቶ 2 እጅ ያህል ከተገኘ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ የለውም፤ ሰው እንዲያውቀው ሲባል መጥፎ ሽታ ያለው ቅመም ይጨመርበታል። ስለዚህ ሽታው ማስጠንቀቂያ ነውና ችላ ሊባል አይገባም።

የቅርቡ ምሳሌ በጎረቤት አገር የደረሰው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ዓ.ም. ሌሊት በናይሮቢ ከተማ በኤምባካሲ ሠፈር ጋዝ የጫነ መኪና ፈንድቶ ሰዎች ሞቱ፤ ከ270 በላይ የሚሆኑም ቈሰሉ። የኬንያ የኃይልና የነዳጅ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በዚያ ስፍራ የጋዝ ማከማቻ ለመሥራት በ2023 ዓ.ም. የቀረበለትን ማመልከቻ ደጋግሞ የከለከለ መሆኑን ገለጠ። ምክንያቱም ስፍራው ሕዝብ የሠፈረበት በመሆኑ የደኅንነቱ ርቀት አልተሟላም ነበር። እንግዲህ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ፈቃድ መከልከል ብቻውን የማይበቃ መሆኑ ነው፤ ክልከላው መፈጸሙን በስፍራው ተገኝቶ ማየት ያስፈልጋል።

በመኖሪያ ቤትና በምግብ ቤት ሊጠበቁ የሚገባቸው ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ ሲሊንደሩ ምን ጊዜም ቀጥ ብሎ ይቁም፤ የሚቻል ከሆነ ከቤት ውጭ፥ ፀሐይ በማይመታውና ነፋስ በሚገባበት ስፍራ ይቀመጥ። በምድር ቤት ወይም በጕድጓድ አጠገብ ማኖር ክልክል ሊሆን ይገባል።

2ኛ/ ከከሰል ምድጃና ከሻማ ይራቅ። በአንድ ክፍል ውስጥ ከሰልና ቡታጋዝ ጐን ለጐን ማንደድ ታላቅ አደጋ አለው።

3ኛ/ ጋዝ ማፍሰሱን ለመመርመር የሳሙና አረፋ በመክፈቻውና በጎማው ላይ ይቀባ፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ ይወጣል ማለት ነው። በክብሪት መመርመር ፈጽሞ አይገባም።

4ኛ/ ሥራ ሲያበቃ ምድጃው ብቻ ሳይሆን የሲሊንደሩም መክፈቻ ይዘጋ። ባዶ የተባለውም ሲሊንደር ጥቂት ጋዝ ስለማይጠፋው እንደ ሙሉው ይጠበቅ።

የበያጆች ጥንቃቄ ደግሞ ሌላ ነው። ኦክሲጅን ራሱ አይነድም፤ ነገር ግን የሚነደውን ሁሉ እጅግ ያበረታዋል። ስለዚህ በኦክሲጅን መክፈቻ ላይ ዘይት ወይም ግራሶ መቀባት፥ በቅባት እጅም መንካት እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የአሴቲሊን ሲሊንደር በውስጡ አሴቶን የተባለ ፈሳሽ ስላለበት ተጋድሞ ሥራ ላይ አይውልም። በመጋዘንም ሁለቱ ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ በመካከላቸው 6 ሜትር ያህል ርቀት ወይም 1 ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው እሳት የማይበግረው ግድግዳ እንዲኖር ያዛል።

በመንገድም ላይ ሲሊንደርን በቦዳ ቦዳ ሞተር ጀርባ አጋድሞ መውሰድ የተለመደ ቢሆንም አደገኛ ነው። ሲሊንደሩ ቢወድቅና መክፈቻው ቢሰበር፥ በተለይ የኦክሲጅኑ፥ በውስጡ ባለው ኃይለኛ ግፊት እንደ ጥይት ሊወረወር ይችላል። ስለዚህ መክፈቻውን በክዳን ከድኖ፥ ቀጥ አድርጎ በማሰር በክፍት መኪና ማጓጓዝ ይገባል።

የጋዝ ሽታ በተሰማ ጊዜ የኤሌክትሪክ መብራት ማብራትም ማጥፋትም አይገባም፤ ማብሪያው ፍንጣሪ ይሰጣልና። መክፈቻውን ዘግቶ፥ በርና መስኮት ከፍቶ፥ ሰውን ሁሉ ወደ ውጭ ማስወጣት ነው። ሲሊንደር በእሳት መካከል ከተገኘ ማንም አይቅረበው፤ በዩጋንዳ የእሳት አደጋ ክፍል በፖሊስ ሥር ስለ ሆነ በስልክ ቍጥር 999 ይነገር።

የሠፈር ሹማምንትም ሰው በሚተኛባቸው ቤቶች ሥር ሲሊንደር የሚያከማቹትንና ከትልቁ ወደ ትንሹ በእጅ የሚገለብጡትን ነጋዴዎች ሊከለክሉ ይገባል። የአንድ ሰው ቸልተኛነት የሚያቃጥለው የራሱን ቤት ብቻ አይደለም፤ ግድግዳ የሚጋራውን ጎረቤቱን ጭምር ነው።