ተራ ቢሲክሌትን በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲሄድ ስለ ማድረግ

ገበሬውን የሚመክር ሠራተኛ የሚገኝበት ስፍራ ማሳው ነው እንጂ ጠረጴዛው አይደለም። ነገር ግን መኖሪያው በወረዳው ከተማ ሆኖ የሚያገለግልበት ቀበሌ ከ10 ወይም ከ12 ኪሎ ሜትር ማዶ የሆነ እንደ ሆነ፥ በእግሩ ቢሄድ ደክሞ ይደርሳል፤ በባጃጅ ወይም በሞተር ብስክሌት ቢመላለስ ደግሞ ከደመወዙ ብዙውን ለመንገድ ይከፍላል። ስለዚህ ጉብኝቱ ከሳምንት ወደ ሳምንት ይተላለፋል፤ ጉብኝቱም ሲተላለፍ ዋግ ስንዴውን መምታቱ የሚታወቀው ማሳው ከጠፋ በኋላ ይሆናል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ፥ የዓባይም ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፥ በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ተሽከርካሪ በየስፍራው ይነገራል። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ለመግዛት የሚችል ሰው ግን ጥቂት ነው። ቢሲክሌት ያለው ሰው ግን፥ በተለይም እንደ ባሕር ዳርና እንደ ሐዋሳ ባለ ሜዳማ አገር፥ በዚያችው ባለችው ላይ ሞተር ጨምሮ ሊገለገል ይችላል። አሳቡም የትናንት አይደለም፤ ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ በኋላው ጎማ መካከል ሞተር ላለበት ቢሲክሌት የፈጠራ መብት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1895 ነበር።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ዕቃዎች አራት ናቸው። አንደኛው ሞተሩ ነው፤ ርካሹና ለመግጠም የሚቀለው በቸርኬው መካከል ተሠርቶ ከጎማው ጋር አንድ ሆኖ የሚሸጠው ነው። ሁለተኛው ኃይሉን የሚመጥነው መቆጣጠሪያ ነው። ሦስተኛው ባትሪው፥ አራተኛውም ባትሪውን የሚሞላው ቻርጀር ነው። የአራቱም ቮልት አንድ መሆን አለበት፤ ለ36 ቮልት ሞተር 36 ቮልት ባትሪና ለእርሱ የተሠራው ቻርጀር ብቻ ይስማማዋል። ለአንድ ሰው መመላለሻ የ250 ዋት ሞተር ይበቃል፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግም እንደ ተራ ቢሲክሌት የሚቆጥረው ከ250 ዋት የማይበልጠውንና ሞተሩ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ መርዳቱን የሚያቆመውን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ የሚወስደው ባትሪው ነውና፥ ቁጠባ የሚፈልግ ሰው ከመግዛቱ በፊት መንገዱን ይለካ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዲሉ። ፔዳሉን እየረገጠ በዝግታ የሚሄድ ሰው በሜዳ ለአንድ ኪሎ ሜትር 10 ዋት ሰዓት ያህል ያወጣል። ሰውየው፥ ቢሲክሌቱና ዕቃው በጠቅላላው 100 ኪሎ ቢመዝኑ፥ 100 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ደግሞ ሞተሩ ብቻውን ቢሠራ 36 ዋት ሰዓት ያህል ይጨመራል። እንግዲህ ደርሶ መልሱ 24 ኪሎ ሜትር የሆነና በመካከሉ 100 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ 276 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። 36 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 360 ዋት ሰዓት ይይዛልና፥ አንድ አምስተኛው ለመጠባበቂያ ቢቀር እንኳ 288 ይተርፈዋል። መንገዱ ከዚህ ያጠረለት ሰው ትልቅ ባትሪ ቢገዛ ገንዘቡን በከንቱ ጣለ ማለት ነው። ባትሪውን ለመሙላትም ከግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ያነሰ ኤሌክትሪክ ይበቃል።

የእርሳስ ባትሪ በግዢ ጊዜ ርካሽ ይመስላል። ባለ 12 ቮልትና 12 አምፔር ሰዓት የሆኑ ሦስት ባትሪዎች ሲቀጣጠሉ ግን ክብደታቸው ወደ 12 ኪሎ ይደርሳል፤ ዕድሜያቸውም እንዳያጥር ከግማሽ በታች ሊወርዱ አይገባም። ስለዚህ ከ432 ዋት ሰዓት የሚጠቀሙበት 216 ብቻ ነው። የሊትየም ባትሪ ዋጋው ቢበልጥም ክብደቱ የዚያን ሩብ ያህል ነው፤ ዕድሜውም ይረዝማል።

ከባትሪው ቀጥሎ የሚታሰበው የሰውየው ደኅንነት ነው። ሞተሩ የቸርኬውን ብሎን በኃይል ለማዞር ይታገላል፤ ዳዶው የላላ እንደ ሆነ ብሎኑ ከተቀመጠበት ወጥቶ ጎማው በመንገድ መካከል ይወድቃል። ስለዚህ ብሎኑን ከፎርኬላው ጋር አጥብቆ የሚይዝ ደጋፊ ብረት መግጠም ግድ ነው። የፊት ሞተር በብረት ፎርኬላ ላይ ብቻ ይገጠም፤ በአሉሚኒየም ላይ አይገጠም። ፍሬኑም አስቀድሞ ይታደስ፤ ፍሬኑ ሲያዝ ሞተሩን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያም ይጨመርበት። ለመሄድ የሚያስችል ነገር ከመጨመሩ በፊት ለመቆም የሚያስችለው ሊጠነክር ይገባል።

ትልቁ አደጋ ግን እሳት ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ብቻ እ.ኤ.አ. በ2023 ከሊትየም ባትሪ በተነሣ እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል። ከአሮጌ ዕቃ ተለቅሞ በቤት የተቀጣጠለ ባትሪ፥ ወድቆ የተቀጠቀጠ ባትሪ፥ የራሱ መከላከያ የሌለው ባትሪ ዋጋው ቢረክስም ሊገዛ አይገባም። ባትሪው ሲሞላ ሰው ይጠብቀው፤ ቤተ ሰቡ በተኛበት ሌሊት፥ በሣር ቤት፥ በጭድና በእህል ጎተራ አጠገብ፥ በመውጫ በርም ሥር አይሞላ። የአንድ ወር የመንገድ ገንዘብ ለማዳን ሲባል ጎጆውንና ልጆቹን ለእሳት የሚያጋልጥ ሰው ቆጠበ አይባልም።

ይህ ነገር ለሁሉም አገር አይስማማም። በዳገታማ አገር በ100 ኪሎ ክብደት ከአሥር አንድ የሚነሣውን አቀበት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ከ400 ዋት በላይ ያስፈልጋልና፥ ትንሹ ሞተር ይግላል፤ ይቃጠላልም። በፎገራ ሜዳና በሌላውም የዋልካ አፈር ባለበት ስፍራ በክረምት ጭቃው ጎማውን ይይዛል፤ በጎርፍ ውስጥ ከተነከረም ውኃ ወደ ሞተሩ ይገባል። በዚያ ወራት በእግር ወይም በበቅሎ መሄድ ይሻላል። መንገዱ አምስት ኪሎ ሜትር ሜዳ ለሆነለት ብርቱ ሰውም ፔዳሉ ይበቃዋል፤ ለእርሱስ ሞተር መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት ለሠራተኞቻቸው ይህን ሲያስቡ፥ ከየመኖሪያው እስከ ቀበሌው ያለውን ርቀትና ዳገት አስቀድመው ያስመዝግቡ፤ ስለ መንጃ ፈቃድና ስለ ሰሌዳም የትራንስፖርቱን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ፤ ገጣሚው ሥራውን የሚያውቅ መሆኑንም ይመርምሩ። ለሁሉ በአንድ ጊዜ ከመግዛት በፊት በአንዲት ቢሲክሌት አንድ በጋ ቢፈትኑ ይሻላል። መካሪው በጊዜ ደርሶ በአንድ ማሳ ላይ ዋጉን ሳይስፋፋ ቢያገኘው፥ የባትሪው ዋጋ በዚያው ተመልሷል።