በራሱ የሚከፈተው በር ሲያረጅ

አንድ የቤተሰብ ሚኒቫን ዕድሜው ሲገፋ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ገና ጤነኛ ሆነው ሳለ ቀድሞ ባለቤቱን የሚያስመርረው ብዙ ጊዜ የጎን በሩ ነው። በአንድ ቁልፍ ንክኪ እየተንሸራተተ ይከፈትና ይዘጋ የነበረው በር አንድ ቀን መጮህ ይጀምራል። ቀጥሎ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይመለሳል፤ ተዘጋ ሲሉት ተመልሶ ይከፈታል፤ በመጨረሻም ጨርሶ እምቢ ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2010 ሞዴል ያለው ሁለተኛው ትውልድ ቶዮታ ሲየና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። መኪናው በጥንካሬው የተመሰገነ በመሆኑ ዛሬም በአሜሪካ መንገዶች ላይ በብዛት ይታያል፤ ልጆች የበዙባቸው ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችና በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩ ሾፌሮችም በደንብ ያውቁታል። የኤሌክትሪክ በሩ ግን የመኪናውን ያህል ዕድሜ የለውም።

ሚኒቫን በሩ እንዲህ የተወሳሰበ ሆኖ አልተወለደም። ክራይስለር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 መገባደጃ ዶጅ ካራቫንንና ፕሊመዝ ቮየጀርን ለገበያ ሲያቀርብ፣ ተንሸራታቹ በር በቀኝ በኩል ያለው አንድ ብቻ ነበር፤ የሚከፈተውም በእጅ ነው። በሹፌሩ በኩል ሁለተኛ ተንሸራታች በር የተጨመረው በ1996 ሞዴል ላይ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ በር በጄኔራል ሞተርስ ሚኒቫኖች ላይ በ1990ዎቹ አጋማሽ ታየ፤ የ1999 ሞዴል ሆንዳ ኦዲሲ ደግሞ በሁለቱም ጎን ይዞት መጣ። ከዚያ ወዲህ ልጅ ታቅፎ፣ በሌላ እጁ ዕቃ አንጠልጥሎ ወደ መኪናው የሚመጣ ወላጅ ያለዚህ በር መኪና መግዛት አልፈለገም። የአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲም በሩ ተንሸራታች ነው፤ እዚያ ግን ሞተሩን የሚተካው ረዳቱ ነው፤ ረዳት ደግሞ ፊውዝ አያቃጥልም።

በሩ ራሱ በሦስት ሀዲዶች ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንዱ ከላይ ከጣሪያው ሥር፣ አንዱ ከታች ከመርገጫው ውስጥ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከኋላ መስኮቱ በታች በላሜራው ላይ እንደ ቦይ ተቆርጦ ከውጭ ይታያል። በሩ በየሀዲዱ ላይ በሚሽከረከሩ ትናንሽ ሮለሮች ይሄዳል። ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ሀዲዶቹ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፉ በሩ መጨረሻ ላይ ወደ መኪናው ገባ ብሎ ከላሜራው ጋር እኩል ይሆናል። ሲከፈት መጀመሪያ ወደ ውጭ ወጣ ማለት አለበት፤ ብዙ ኃይል የሚጠይቁትም እነዚህ የመጀመሪያና የመጨረሻ ጥቂት ሴንቲሜትሮች ናቸው።

ሲየና ላይ ኃይሉን የሚሰጠው ሞተር በበሩ ውስጥ አይደለም። በሦስተኛው ረድፍ ወንበር ጎን፣ ከውስጠኛው የፕላስቲክ ሽፋን ጀርባ ተቀምጧል። ከሞተሩ ጋር አንድ ከበሮ መሰል ጥቅልል አለ፤ ከሱ የሚወጡት ሁለት ቀጫጭን የብረት ገመዶች፣ ጋራዥ ውስጥ ካቮ የሚባሉት፣ በመካከለኛው ሀዲድ ጫፎች ባሉ ፑሌጃዎች ዞረው ከበሩ ማጠፊያ ጋር ይያያዛሉ። ሞተሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር አንደኛው ገመድ ይጠቀለላል፣ ሌላኛው ይለቃል፤ በሩም ይከፈታል። ለመዝጋት ተቃራኒው ይሆናል። በሞተሩና በጥቅልሉ መካከል በኤሌክትሪክ የሚይዝና የሚለቅ ፍሪሲዮን ስላለ፣ ኃይሉ ሲጠፋ በሩን በእጅ መግፋት ይቻላል። ይህ ነጥብ ኋላ ላይ ብልሽቱን ለመለየት ይጠቅማል።

ከሁሉ በላይ የሚበላሸው ይኸው ገመድ ነው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ገመዱ በትንሿ ፑሌጃ ላይ ይጎብጣል፣ ተመልሶም ይቃናል። ሽቦን በእጅ ደጋግመው እያጎበጡ እያቃኑ እንደሚሰብሩት ሁሉ፣ በሺዎች ከሚቆጠር መክፈትና መዝጋት በኋላ ገመዱን የሠሩት ቀጫጭን ክሮች አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። የፕላስቲክ ልባሱ መጀመሪያ ይላላጣል፤ ከዚያ ውሃና በክረምት አስፋልት ላይ የሚበተነው ጨው ወደ ክሮቹ ይገባና ዝገቱ ሥራውን ያፋጥነዋል። በሩ በሞተር እየሄደ ሳለ ችኩል ተሳፋሪ በእጁ ሲጎትተው ወይም ሲይዘው ገመዱ ተጨማሪ ጫና ይሸከማል። ልጆች ደግሞ ይህን ማድረግ ይወዳሉ።

ገመዱ ድንገት አይበጠስም፤ አስቀድሞ ይናገራል። በሩ ሲንቀሳቀስ ከኋላ ወንበር አካባቢ የመፋጨት ወይም የመንቋቋት ድምፅ ይሰማል። ሀዲዱን በቅርብ ያየ ሰው ከገመዱ ላይ እንደ እሾህ የቆሙ የብረት ክሮች ያገኛል፤ እነዚህን በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ ይቆርጣሉ። በዚህ ጊዜ የበሩን የኤሌክትሪክ ኃይል አጥፍቶ በእጅ መጠቀም የጀመረ ባለቤት ከኋለኛው ጣጣ ይድናል። ካልሆነ ገመዱ ይበጠስና ሞተሩ ሲዞር እየተሰማ በሩ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ከዚህ የከፋው ደግሞ የተበጠሰው ጫፍ ወደ ጥቅልሉ ቤት ገብቶ ሲተበተብ ነው። ያኔ በሩ በእጅም አይሄድም፤ ሽፋኑን አውልቆ ገመዱን ቆርጦ ማውጣት የግድ ይሆናል።

ሁለተኛው የችግር ምንጭ የኤሌክትሪክ ሽቦው ነው። በሩ የሚንቀሳቀስ ክፍል ስለሆነ፣ ለመቆለፊያው፣ ለእጀታውና ለሴንሰሩ የሚሄዱት ሽቦዎች ከበሩ ጋር አብረው መሄድ አለባቸው። እንደ ገመዱ እነሱም በመታጠፍ ብዛት ይቆረጣሉ፤ ልዩነቱ ከውጭ ደህና መስለው ከልባሳቸው ውስጥ መቆረጣቸው ነው። በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት የተሠሩት የክራይስለር ሚኒቫኖች በዚህ ይታወቃሉ፤ በታችኛው መርገጫ በኩል የሚያልፈው የሽቦ መሄጃ ደካማው ጎናቸው ነው። የሽቦ መቆረጥ ምልክቱ ወላዋይነት ነው፦ በሩ ዛሬ ይሠራል፣ ነገ አይሠራም፤ በብርድ እምቢ ይላል፣ በሙቀት ይታዘዛል፤ በተወሰነ ቦታ ላይ ሲደርስ ብቻ ይሞታል። በበሩ የፊት ጠርዝ ላይ ወዳለው፣ ሰው መሐል ሲገባ በሩን ወደሚመልሰው የጎማ ሴንሰር የሚሄደው ሽቦ ከተቆረጠም ኮምፒዩተሩ በሩን በኃይል ለመዝጋት ፈቃደኛ አይሆንም። ባለቤቱ ሞተሩ ተቃጠለ ብሎ ያስባል፤ ሞተሩ ግን ምንም አልሆነም።

ሦስተኛው መቆለፊያው ነው። ተንሸራታች በር ከፊትና ከኋላ ይቆለፋል፤ የኋለኛው መቆለፊያ የራሱ ትንሽ ሞተር አለው። ትልቁ ሞተር በሩን እስከ መጨረሻው ካመጣው በኋላ ይህ ትንሹ ሞተር ይይዝና ጨምድዶ ከጎማው ጋር ያጣብቀዋል። ትንሹ ሞተር ሲደክም በሩ ይመጣል፣ ይነካል፣ ሳይጨመደድ ይቀርና ይጮኻል፤ ወይም ኮምፒዩተሩ የሆነ ነገር መሐል ገብቷል ብሎ በሩን መልሶ ይከፍተዋል። ዳሽቦርዱ ላይ በር ክፍት ነው የሚለው መብራት ሲበራም ሆነ የውስጥ መብራት አልጠፋ ሲል ቀድሞ የሚጠረጠረው መቆለፊያው ነው። ከሦስቱ ብልሽቶች ችላ ሊባል የማይገባው ይህ ነው፤ ገመድ የተበጠሰበት በር ሰነፍ ነው፣ በትክክል ያልተቆለፈ በር ግን አደገኛ ነው።

ጋራዥ ከመሄድ በፊት ግን ብልሽት የሚመስሉ፣ ብልሽት ያልሆኑ ነገሮች መታየት አለባቸው። አብዛኞቹ ሚኒቫኖች የኤሌክትሪክ በሩን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው፤ ሰው ሳያውቅ ተጭኖት በሩ ለወራት በእጅ ሲከፈት የሚኖርባቸው መኪኖች አሉ። በሩ ከውስጥ ብቻ አልከፈት ካለ በጠርዙ ላይ ያለችው የሕፃናት መቆለፊያ ተጭና ሊሆን ይችላል። መኪናው ማርሽ ውስጥ ከሆነ ወይም እየሄደ ከሆነ በሩ አይታዘዝም፤ የተሠራውም እንዲያ እንዲሆን ነው። ባትሪ ከተቀየረ በኋላ የጠፋ በር ብዙ ጊዜ በእጅ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ቦታውን መልሶ ያውቃል። የደከመ ባትሪም በሩን ግማሽ መንገድ ያስቀረዋል። የነዳጅ መሙያው በሹፌሩ በኩል በሆነባቸው እንደ ሲየና ባሉ መኪኖች ደግሞ ክዳኑ ክፍት ከሆነ የግራው በር ከክዳኑ ጋር እንዳይጋጭ የሚያግድ ዘዴ አለ፤ ማገጃው ሲዝግ ክዳኑ ተዘግቶም በሩን ይዞ ይቀራል።

እነዚህ ካልሆኑ፣ ብልሽቱን ለመለየት ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፦ የኤሌክትሪክ ማብሪያውን አጥፍቶ በሩን በእጅ ቀስ ብሎ መክፈትና መዝጋት ነው። በእጅም የሚከብድና የሚንገጫገጭ ከሆነ ችግሩ ሀዲዱ፣ ሮለሩ ወይም የተተበተበ ገመድ ነው፤ ኮምፒዩተሩን መመርመር ገንዘብ ማባከን ነው። በእጅ ቀላል ሆኖ በኤሌክትሪክ ካልሄደ ነገሩ ወደ ገመዱ፣ ወደ ሽቦውና ወደ ፊውዙ ያመራል። በሩ ሲከፈት ወደ ታች ዝቅ የሚል፣ ሲዘጋም ከፍ ተደርጎ መገፋት የሚፈልግ ከሆነ የመካከለኛው ሮለር ኩሽኔታ አልቋል ማለት ነው። ይህ ርካሽ ዕቃ ሳይቀየር አዲስ ሞተርና ገመድ የገጠመ ሰው አዲሱንም ገመድ በዚያው መንገድ ያጣዋል፤ የደከመ በር ሞተሩንና ገመዱን እኩል ያሠቃያልና።

በወጪ በኩል ልዩነቱ ሰፊ ነው። የመኪናው ኩባንያ ወኪል ብዙውን ጊዜ ገመዱን ለብቻው አይቀይርም፤ ሞተሩን፣ ጥቅልሉንና ገመዱን አንድ ላይ ነው የሚቀይረው፤ ሂሳቡም ለአንድ በር ከሺህ ዶላር ሊያልፍ ይችላል። በሌላ በኩል ገመዱንና ፑሌጃውን ብቻ የያዘ ዕቃ በጣም ባነሰ ዋጋ ይገኛል፤ ክብደቱ ያለው በሥራው ላይ ነው። የኋላ ወንበሩ ይነሳል፣ የጎን ፕላስቲኩ ይወልቃል፣ ጥቅልሉ ይከፈታል፣ ውስጡ ያለችው ሞላ ሳትፈናጠር ገመዱ በትክክለኛው ቁጥር ይጠቀለላል። ትዕግሥት ያለው መካኒክ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ሦስተኛው አማራጭ ካረጁ መኪኖች ላይ የተፈታ ሙሉ ክፍል መግዛት ነው፤ ግን የተፈታው ክፍል ገመድም ያንኑ ዓመት ያገለገለ ስለሆነ ብዙ ተስፋ አይጣልበትም።

አራተኛው አማራጭ እምብዛም አይነገርም፦ ገመዱን አውጥቶ በሩን ለዘለቄታው በእጅ መጠቀም። ዋጋው ራሱ ጥቂት ሺህ ዶላር ለሆነ መኪና ይህ አሳፋሪ ነገር አይደለም፤ አረጋውያን ወይም እጃቸው የማይችል ሰዎች ለማይሳፈሩበት ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ውሳኔ ነው። ቅድመ ሁኔታው መቆለፊያው ጤነኛ መሆኑ ብቻ ነው።

እንክብካቤው ቀላል ቢሆንም የሚያደርገው ጥቂት ሰው ነው። በታችኛው ሀዲድ ውስጥ የብስኩት ፍርፋሪ፣ ጠጠርና ሳንቲም ይከማቻል፤ በየጊዜው በቫክዩም መጥረግና በእርጥብ ጨርቅ መወልወል የሮለሩን ዕድሜ ያረዝማል። ለማለስለስ ሲሊኮን ስፕሬይ ይበቃል። ወፍራም ግራሶ በክፍት ሀዲድ ላይ ሲቀባ አቧራ ሰብስቦ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈጫል። በበረዶ አገር የበሩ ጎማ ከላሜራው ጋር ሲጣበቅ በኤሌክትሪክ ደጋግሞ ማስገደድ ገመዱን ይጎዳል፤ መጀመሪያ በእጅ ማላቀቅ ይሻላል።

የደህንነቱ ጉዳይ ለጥንቃቄ ያህል ብቻ የሚነሳ አይደለም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 ከ2011 እስከ 2016 ሞዴል የሆኑ ሲየናዎችን፣ በአሜሪካ ብቻ ከ700 ሺህ በላይ የሆኑትን፣ ለጥገና ጠርቷል። በሩ ሲከፈት እንቅፋት ከገጠመው ሞተሩ ከአቅም በላይ ስቦ ፊውዙን ሊያቃጥል፣ መቆለፊያው በዚያ ቅጽበት ካልያዘም መኪናው እየሄደ በሩ ሊከፈት ይችል ነበር። ሆንዳም በ2018 በተመሳሳይ የመቆለፍ ችግር ከ100 ሺህ በላይ አዳዲስ ኦዲሲዎችን ጠርቷል። ከ2004 እስከ 2010 ያሉት ሲየናዎች በ2016ቱ ጥሪ ውስጥ የሉም።

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ሚኒቫን ያለው ወይም ሊገዛ ያሰበ ሰው የመኪናውን 17 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ በብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ያልተፈጸመ የጥገና ጥሪ እንዳለ ያለ ክፍያ ማየት ይችላል። ሕጉ አምራቹን በነፃ እንዲጠግን የሚያስገድደው ግን ጥሪው በወጣበት ጊዜ መኪናው ለመጀመሪያ ገዢው ከተሸጠ ከ15 ዓመት ያልበለጠው ከሆነ ነው፤ ያልተፈጸመ ጥሪ ያለባቸው ሰዎች ይህን ለነገ ባያቆዩት ይበጃል።