ስለ አፈር ዕውቀትና ስለ ማዳበሪያ ደንብ

ሐኪም ሕመሙን ሳይመረምር ለበሽተኛው ሁሉ አንድ መድኃኒት ቢሰጥ አንዱን ያድን ይሆናል፤ ሌላውን ግን ይጎዳል። በአገራችን የነበረው የማዳበሪያ ደንብ ለብዙ ዘመን ይህን ይመስል ነበር። ለደጋውም ለቆላውም፥ ለቀዩም ለጥቁሩም አፈር፥ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ይጨመር ተብሎ ይመከር ነበር። ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን የየወረዳው አፈር ሲመረመር በብዙ ስፍራ ድኝ ጎድሎ ተገኘ። ስለዚህ መንግሥት ዳፕን በመተው ድኝ የተጨመረበትን ኤንፒኤስ የሚባለውን ማዳበሪያ አስገባ።

ይሁን እንጂ ማዳበሪያን መለወጥ ብቻውን አይበቃም። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ አፈሩ ይኮመጥጣል፤ በኮምጣጣም አፈር አሉሚኒየም ሥሩን ይጎዳዋል፥ ፎስፎረሱም ታስሮ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። እንዲህ ባለው መሬት አስቀድሞ ኖራ ካልተበተነበት፥ ገበሬው በብድር የገዛው ማዳበሪያ ፍሬው ጥቂት፥ ዕዳው ግን ሙሉ ይሆናል።

እንግዲህ ሹማምንትና የእርሻ ባለቤቶች ሆይ፥ ማዳበሪያ ከመደልደላችሁ አስቀድሞ የአፈሩን ምርመራ ውጤት ጠይቁ፤ ኖራ የሚያስፈልገውንም መሬት ለይታችሁ አስታውቁ። ምርቱ እንደ ተጠበቀው ያልሆነ እንደ ሆነ ሳትሸሽጉ ጻፉ፤ ያለ እናንተ ጽሑፍ ደንቡ ሊታረም አይችልምና።