ውኃ ሳያባክኑ ዓሣን ማኖር

ዓሣ በወንዝ ውስጥ ሲኖር ያቆሸሸውን ውኃ ወንዙ ይወስድለታል። በጠባብ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ሲገባ ግን ቤቱም፣ የሚጸዳዳበትም ያው አንዱ ውኃ ይሆንበታል። ስለዚህ ዓሣን በቤት ለማኖር የሚሻ ሰው ከዓሣው አስቀድሞ የውኃውን ጠባይ ማወቅ ይገባዋል።

ለምሳሌ ዲስከስ የተባለውን ዓሣ እንውሰድ። እንደ ሳሕን ክብና ጠፍጣፋ፣ ቀለሙም ያማረ ሲሆን፤ የትውልድ አገሩ በደቡብ አሜሪካ የሚገኘው የአማዞን ወንዝና ገባሮቹ ናቸው። በመጀመሪያ ለሳይንስ ጽፎ ያስታወቀው ኦስትሪያዊው ሊቅ ዮሐን ያኮብ ሄከል ነው፤ ዘመኑም በአውሮፓ አቆጣጠር 1840 ነበር። ይህ ዓሣ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ የሚሞቅ ንጹሕ ውኃ ይፈልጋል። ስለዚህም ብዙ አርቢዎች የገንዳውን ውኃ በየቀኑ እስከ ግማሽ ድረስ ይለውጣሉ።

አሁን ይህን ልማድ ወደ ሰሜን ሸዋ አምጥተን እንመርምረው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። በዚያ 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ያለው ሰው በየቀኑ ግማሹን ቢለውጥ በሳምንት 700 ሊትር ይደፋል። የሚተካው ውኃ 12 ዲግሪ ቢሆን፤ 100 ሊትሩን 28 ዲግሪ ለማድረስ በየቀኑ ወደ 2 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ብዙ ሰው ውኃ በጀሪካን በሚቀዳበት አገር ይህን ያህል መድፋት ለኪስም ለኅሊናም የሚመች አይደለም።

መፍትሔው በጎ ማጣሪያ ነው። ማጣሪያ ሲባል ግን ጉድፍ የሚይዝ ወንፊት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዓሣው ከሰውነቱ የሚያስወጣው፣ ከምግብ ትራፊም የሚመነጨው አሞኒያ መርዝ ነው። በማጣሪያው ውስጥ ተለጥፈው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይህን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደ ቀነሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ሩሲያዊው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እንዲህ ያሉትን ባክቴሪያዎች ለይቶ ያወጣቸው በ1890 እ.ኤ.አ. ነው።

ተፈጥሮም የምትሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በአንኮበር ገደል የሚወርድ ጅረት ድንጋይ እየመታ አየር ይቀላቅላል፤ በድንጋዩ ላይ ያለው ሙልጭልጭ ልባስም የባክቴሪያ መኖሪያ ነው። ማጣሪያውም ይህንኑ ይምሰል። ጉድፍ የሚይዝ ስፖንጅ ይቅደም፤ ቀጥሎ ቀዳዳው የበዛ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ይደልደል፤ ውኃውም በፓምፕ ሳያቋርጥ ይመላለስበት።

በደጋው ግን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻል። በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። በዚህም ላይ ሙቅ ውኃ ኦክሲጅን የመያዝ ኃይሉ ያንሳል። ዓሣውም ባክቴሪያውም በኦክሲጅን የሚኖሩ ስለሆኑ፤ ውኃው ከማጣሪያው ሲመለስ ከፍ ካለ ቦታ እየተንፏፏ ይውረድ። ስፖንጁም ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውኃ አይታጠብ፤ ባክቴሪያውን ይገድላልና። ከገንዳው በተቀዳው ውኃ ማለቅለቅ ይበቃል። አዲስ ማጣሪያ በባክቴሪያ እስኪሞላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ስለሚወስድበት፤ ዓሣውን በችኮላ ማስገባት አይገባም።

ይሁንና ማጣሪያ ሁሉን አይችልም። ናይትሬቱ በገንዳው ውስጥ እየተከማቸ ስለሚሄድ ውኃ መለወጥ ጨርሶ አይቀርም፤ የሚያድጉ ግልገሎችም ከትልልቆቹ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ሊለወጥላቸው ይገባል። ነገር ግን ዓሣ ላልተጨናነቀበትና ማጣሪያው ለበረታ ገንዳ፤ ለአደጉት በሳምንት አንድ ጊዜ ሩቡን መለወጥ ሊበቃ ይችላል። ይህም በሳምንት 50 ሊትር ብቻ ነው፤ ከቀድሞው 650 ሊትር ተረፈ ማለት ነው።

ያም 50 ሊትር ቢሆን በከንቱ አይደፋም። ናይትሬት ለተክል ምግብ ስለሆነ በጓሮ ጎመን ሥር ቢፈስ ይጠቅማል። ስሌቱም ለጌጥ ዓሣ ብቻ የሚያገለግል አይደለም፤ ነገ ቆሮሶን ለምግብ በገንዳ ለማርባት የሚያስብ ወጣት ሁሉ ሥራውን የሚጀምረው ከዚሁ ነው።